ራጅ፣ ራሌ፣ ሌኛኖ

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደሊል
ወራቤ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እትዬ ቀድሪያን ጉልበታቸው ተሻላቸው? እናቴ አመለሸጋ በጣም አድርጋ ሰላም ብላለች። እኔ የቶሌራ የመጨረሻ ልጅ ጃለኔ ነኝ። አምቦን ለቀው ወደ አገርዎ ሲገቡ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን እዚሁ ከተማ አስተምራለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ፋሩቅ ሱቁ ድረስ ጠርቶ ደብዳቤዎን ሰጠኝ። የተጻፈው ለአባዬ ሆኖ ሳለ የከፈትኩት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ። አይ ጋሼ፣ አልተቀየመዎትም። በመሃላችሁ ነገር ያስገባም ሰው የለም። መልስ ያልጻፈልዎት መጻፍ ስለማይችል ነው።

አምና በሚያዝያ፣ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ፎጣውን ሊያነሳ ሲል ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ግን ደክሟል፣ ንግግሩም ጠፍቷል። ኦሮምኛውም አማርኛውም አንድ ላይ ሄዱ። የምንለውን የሚረዳ ይመስለናል፤ ሊመልስ ሲል ግን አፉ ይከፈትና ምንም ሳይወጣው ይዘጋል። ዕድሜውን ሙሉ ድሬሰር ሆኖ በየገጠሩ እየዞረ በሽተኛ ሲያጽናና የኖረ ሰው የእናቴን ስም መጥራት አቃተው። ለእርስዎ ያልነገርነው እናቴ “ደሊል ጆሮውን አጥቶ ቁጭ ብሏል፣ ስልክ እንኳ አይሰማ፤ ይህን ደግሞ በላዩ አንጫንበት” ስላለች ነው። ፋሩቅንም ዝም ያሰኘነው እኛ ነን፤ እባክዎ እንዳይቆጡት።

አሁን የምጽፈው ግን ለማርዳት ብቻ አይደለም። በሐምሌ አንድ ቀን አባዬ በራችን ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰውዬ ጀሪካን የጫነ አሮጌ ብስክሌት እየገፋ አለፈ። አባዬ ቀና አለና “ሃምበር” አለ። እንደ ሬዲዮ ጥርት አድርጎ! ከዚያ በግራ እጁ የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጡለት። “ራሌ” ይላል። “ሌኛኖ” ይላል፤ ይህን ከሁሉም አብልጦ። ሃምበር ጓዳችን ውስጥ የተሰቀለው ብስክሌቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሌሎቹን ግን “የድሮ ብስክሌት ስሞች ናቸው” ያለኝ ጎረቤት ነው። አንዱ ብቻ ሁላችንንም ግራ አጋባን። የግራ መዳፉን ከፍቶ ያነሳና “ራጅ! ራጅ!” ይላል። እጁን አሞት ራጅ መነሳት የፈለገ መስሎን አዲስ አበባ ድረስ ወስደን አስነሳነው። ምንም የለበትም። ሐኪሙ ታሪኩን ሲሰማ “የሚመጣለትን ቃል ሁሉ መልሳችሁ በሉለት። የሚመስለውንም ፈልጋችሁ አምጡለት፤ አንዱ ሌላውን ይጎትት ይሆናል” አለን።

ስለዚህ ጋሼ፣ በዚያ ዘመን በአምቦ ብስክሌት ያከራዩም፣ የጠገኑም፣ የሸጡም እርስዎ ነዎት። ምን ምን ነበር? የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ጃለኔ ቶሌራ


ወራቤ፣ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ጃለኔ፣

አሰላሙ አለይኩም። አባትሽ ቢሆን “ወአለይኩም ሰላም፣ አካም ቡልቴ?” ነበር የሚለኝ፣ ዐረብኛውንና ኦሮምኛውን ሰላምታ ቀላቅሎ።

ደብዳቤሽን ጨርሼ ለቀድሪያ የነገርኳት በጩኸት ነው። ጆሮው የደነቆረ ሰው ድምፁ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ፋሩቅን አልቆጣሁትም። አመለሸጋንም አልቀየምኳት። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

የራጁ ነገር ግን እንባዬ ሳይደርቅ አሳቀኝ። ልጄ፣ ራጅ የሐኪም ቤቱ አይደለም! ራጅ ብስክሌት ነው፣ የእንግሊዝ። ካቴናው የሚዞርበት ትልቁ ጥርስ መሃሉ ተቆርጦ በተከፈተ መዳፍ ቅርጽ ነው የተሠራው። ስትነጂው መዳፉ ከእግርሽ ሥር እየዞረ ሰላም የሚልሽ ይመስላል። አባትሽ እጁን ያነሳው ያንን ሊያሳያችሁ ነው። በእኛ አካባቢ ራጅ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጊንጪው መምህር ጃርሶ።

ምን ምን ነበር ብለሻል። የት ልጀምርልሽ? ብስክሌት ያኔ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከዚያ በጭነት መኪና አምቦ ይደርሳል። ተፈታትቶ፣ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በእንጨት ሣጥን። ሣጥኑን የምከፍት ዕለት ሱቄ ፊት ሰው እንደ ታቦት ቀን ይሰበሰባል። ወረቀቱን ስገልጥ ጥቁሩ ቀለም ፊታችንን መልሶ ያሳየናል፤ መስታወት የሌለው ሰው ሁሉ ራሱን ያየው በዚያ ነው።

አባትሽ ወጣት ድሬሰር ሆኖ ለክትባት ሥራው ብስክሌት ሊመርጥ መጣ። ሃምበርን አወጣሁለት። የሌላ ብስክሌት የፊት ጎማ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቱቦ ነው የሚይዘው፤ የሃምበር ሁለት ሁለት ነው። ጥርሱ ላይ ደግሞ እጅና እግራቸውን የዘረጉ አምስት ሰዎች ከብረት ተቀርጸው ቆመዋል። ቶሌራ ተንበርክኮ ፔዳሉን በእጁ አዞረው። ሰዎቹ መሮጥ ጀመሩ። ፍጥነት ሲጨምር አምስቱ አንድ ሆኑ። እስኪቆሙ ጠብቆ እንደገና አዞራቸው። “አንተ፣ በሽተኛ የለህም?” አልኩት። አልሰማኝም። ያኔ የማይሰማው እሱ ነበር።

ራሌ የጌዶው ወዳጃችን የገቢሳ ነው። ጥርሱ ላይ አንገቷን ያሰገገች የውኃ ወፍ አለችበት። ከኋላ ጎማው መሃል ስተርሚ አርቸር የሚባል ማርሽ ነበረው፤ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ስታቆሚ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይላል። እኔ ዛሬ ነጎድጓድ አልሰማም። ያንን ቲክ ቲክ ግን አሁንም ይኸው ይሰማኛል።

ሂርኩለስ ነበረ፣ ፊሊፕስ ነበረ። ቢኤስኤ ነበረ፤ ሦስት ጠመንጃ ተደግፎ የቆመ ምልክት ያለው። ደወሉ ሉካስ፣ ዲናሞው ሚለር፣ የጣሊያኖቹ ካቴና ረጂና።

አሁን የሚደንቀኝን ልንገርሽ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። አንዱ ሌላውን ገዛው፣ የገዛውም ተሸጠ ወይ ተዘጋ። ሃምበር የሚል አዲስ ብስክሌት የትም አገር ሱቅ ብትገቢ አታገኚም። እነዚያን አምስት ሰዎች የቀረጹት ባለ እጆች አምቦ የሚባል ከተማ መኖሩን ሳይሰሙ ሞቱ። ያወጡት ስም ግን ይኸው በእኛ በቶሌራ አፍ ላይ ተርፎ ተገኘ። የሚስቱ ስም የጠፋበት ሰው ይህን የት አስቀምጦት ነበር? ሱብሓነላህ!

ስለ ሌኛኖ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። የጣሊያን ነው። አረንጓዴ ነው።

ደሊል


አምቦ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ፤ ፈተና እያረምኩ ነበር።

በፋሩቅ በኩል ስለ ኦቦ ጃርሶ ላስጠየቁኝ፣ አዎ፣ በሕይወት አለ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ስልኩን ከዘመዶቹ ፈልጌ ጊንጪ ደወልኩ። ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣ። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ሳይመጣ ቢቀር እንዳይከፋው ብዬ ነው።

ኦቦ ጃርሶ በከዘራ እየተደገፈ ከበሩ ሲገባ አባዬ አትኩሮ አየው። ከዚያ መዳፉን ከፍቶ አነሳና “ራጅ!” አለ።

ኦቦ ጃርሶ ከዘራውን ጣለ። የእሱንም መዳፍ አንስቶ ከአባዬ መዳፍ ጋር ገጠመውና “አቤት! አቤት፣ ሃምበር!” አለው። አባዬ ሳቀ ጋሼ። ከወደቀ ጀምሮ ሳቁን ሰምተን አናውቅም ነበር።

እስካሁን ዕቃ የሚጠራ ነበር የመሰለኝ። የሚጠራው ሰው ነው! እነዚያን ሁሉ ወራት ስም እየጠራ ወዳጆቹን አምጡልኝ ሲለን፣ እኛ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።

ስለ ኦቦ ገቢሳ ግን ደስ የማይል ነገር አለ። በክረምቱ መግቢያ ጌዶ ላይ አርፏል። ነፍሱን ይማረው። ከአባዬ ደብቀነው ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብለት ራሌ ላይ ስደርስ አቋረጠኝና “ራሌ?” አለ፤ ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል። መዋሸት አቃተኝ። “ራሌ የለም አባ፤ አረፈ” አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በግራ ጣቱ ጠረጴዛውን ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ማድረግ ጀመረ። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ አቆመ። ጎማው መዞር እንዳቆመ ገባኝ። እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ግን ከእንባ ይልቅ አንድ ዓይነት ፍርሃት ነው የወረረኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚሰማው ያለ።

በዚያው ሰሞን እናቴ “እኔ ብስክሌት ነድቼ አላውቅ፣ እኔን በምን ይጥራኝ?” ብላ ሳቀች። ሳቀችና ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

ጋሼ፣ ሌኛኖ ማን ነው? በራችን በተንኳኳ ቁጥር አባዬ ዞር ብሎ “ሌኛኖ?” ይላል። ፋሩቅ ሲመጣም፣ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ስትመጣም። ገብተው ሲያያቸው ፊቱ ይመለሳል። እናቴን ብጠይቃት “ለእኔ ሁሉም ብስክሌት ነው” ትላለች። ኦቦ ጃርሶን ብጠይቀው ፈገግ ብሎ “ይህን ደሊል ራሱ ይንገርሽ” አለኝ።

ጃለኔ


ወራቤ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ጃለኔ፣

የገቢሳን መርዶ በደብዳቤሽ ሰማሁ። ራሌውን እየነዳ ከጌዶ ድረስ ሲመጣ ኮቱ በነፋስ ይነፋ ነበር፤ ልጆች “ፊኛው መጣ” ይሉታል። አላህ ያጽናችሁ።

ሌኛኖን ጠይቀሻል፤ ቃል ገብቼልሻለሁና ልንገርሽ። ቀለሙ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ፊቱ ላይ ያለው ምልክት ሰይፉን ሽቅብ ያነሳ ጦረኛ ነው። ክብደት የለውም፤ በአንድ እጅ ታነሺዋለሽ። ሌሎቹ የሥራ ብስክሌቶች ናቸው፤ ይህ ለእሽቅድድም የተሠራ ነው። ከአምቦ ጉደር በሚደረገው የበዓል ውድድር ሃምበርና ሌኛኖ ሁልጊዜ ፊትና ኋላ ናቸው። ሃምበር ከባድ ነው፤ ሌኛኖ ደግሞ ጉድጓድ ይፈራል። ስለዚህ ማን እንደሚቀድም አይታወቅም።

ለብዙ ዓመት ሌኛኖ የሠሪው ሰውዬ ስም ይመስለኝ ነበር። በኋላ ዘመን አንድ ጣሊያናዊ የወንጪን ሐይቅ አይቶ ሲመለስ ሱቄ በር ላይ መኪናውን አስቆመ። ብስክሌቱን ሲያይ አፈር ላይ ተንበረከከ። በአስተርጓሚ “ሌኛኖ ከተማ ነው፣ አያቴ እዚያ ፋብሪካው ውስጥ ሠርቷል” አለኝ። ፋብሪካው ግን የለም አለ። አያቱም የሉም። ጦረኛውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሳመው። እኔም አብሬው ተንበረከክሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የማናውቃቸው አያቱ መጥተው የቆሙ ያህል ተሰማኝ። “ሽጥልኝ” አለኝ። አልሸጥም አልኩት። ማለቴ፣ ባለቤቱ አልሸጥም አለ።

ማን ይነዳው ነበር ላልሽው፣ ብዙ ሰው ነድቶታል። የድሮ ነገር ነው።

ለአባትሽ ዱዓ አደርጋለሁ።

ደሊል


(በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ጃለኔ፣ እኔ ቀድሪያ ነኝ። የምትጽፍልኝ ልጄ ዙልፋ ናት። ሽማግሌው ፖስታውን ሊዘጋ ሲል ሙጫ ፍለጋ ልኬው ነው።

ዋሽቶሻል። ሌኛኖ እሱ ነው። ብስክሌቱ ይኸው እዚህ እልፍኛችን ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየጁምዓው አውርዶ ይወለውለዋል። ሂድና ወንድምህን እየው ስለው “ቶሌራን እንደዚያ ሆኖ ማየት አልችልም። እኔም አልሰማው፣ እሱም አይናገረኝ፤ ተቀምጠን ምን ልንሆን ነው?” ይላል። ደብዳቤሽን በየቀኑ ያነበዋል። አንቺ ጥሪው፣ እኔን አልሰማ ብሏል። ጆሮው ብቻ አይደለም ችግሩ።


አምቦ፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

እንኳን አደረሰን። ጥምቀትን በደህና ውለናል፤ አባዬም በር ድረስ ወጥቶ ታቦት ሸኝቷል።

ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ፤ ሌኛኖን አውቄዋለሁ። አልተቆጣሁም። እኔም አባቴን መጀመሪያ አልጋው ላይ ሳየው ከክፍሉ ወጥቼ ሄጃለሁ።

ግን ያለበትን ልንገርዎት፤ የሚያስቡት ዓይነት እንዳይመስልዎ። በግራ እጁ ይበላል። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ይዞራል። ሰው ሲሳሳት ያውቃል፤ ሂሳብ ሳስጠና ከጎኔ ተቀምጦ ስህተት ሲያይ ጣቱን ይሰድዳል። ጢሙን እናቴ ትላጨዋለች፤ ስትጨርስ መሃረቧን ይይዝና አይለቅም። በስሟ አይጠራት እንጂ ማን እንደሆነች ያውቃል። ያ ነው አሁን ያለበት።

“ደሊል ወራቤ ነው” ብዬ ነገርኩት። ዓይኑ ዝም አለ። ምንም። ትንሽ አሰብኩና “አባ፣ ሌኛኖ ወራቤ ነው” አልኩት። ጋሼ፣ ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ሄደና ባርኔጣውን አደረገ፣ ኮቱን በአንድ እጁ ጎተተ። በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። መንገድ ልንወጣ ነው ብሎ ነው። ወራቤ ሩቅ እንደሆነ ባስረዳውም ኮቱን አላወልቅም ብሎ እንደዚያው ምሳ በላ።

አሁንም በር ሲንኳኳ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? የማይመጣ ከሆነ እንደ ራሌ “የለም” ልለው አልችልም፤ አሉና።

ልጅዎ ጃለኔ


ወራቤ፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይመጣል በይው።

ሙጫ ፍለጋ የተላክሁ ዕለት ጠርጥሬ ነበር። ቀድሪያን ሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ ግድ አልሰጣትም።

ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሐሳቤ ውስጥ ቶሌራ ሁልጊዜ ጉደር ዳገት ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ “ና እንጂ!” እያለኝ። ያንን የሚቀማኝ መስሎኝ ነበር። ኮቱን ለብሶ ምሳ መብላቱን ሳነብ ግን በራሴ አፈርኩ።

የካቲት ሲያልቅ ከፋሩቅ ጋር በአይሱዙው እመጣለሁ። ሌኛኖውንም እጭነዋለሁ። ቀድሪያ “ሽማግሌ በብስክሌት ሊጫወት” ብላ ሳቀችብኝ። ለጨዋታ አይደለም። ጢሜ ነጭቷል፣ ጉንጬ ገብቷል። ብስክሌቱን ካላየ ባያውቀኝስ?

ደሊል


አምቦ፣ መጋቢት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ ደሊል፣

በሰላም መግባትዎን ፋሩቅ ነገረን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤታችን ጭር ብሏል። የጠየቁኝን እመልሳለሁ፤ ግን አስቀድሜ ሌላውንም ልጻፍልዎ። ለካ ያን ሁሉ ቀን እዚህ ሆነው ምንም አልሰሙም! ሲሄዱ ነው ትዝ ያለኝ።

ከበሩ ሲገቡ ብስክሌቱ ገና መኪናው ላይ ነበር። ያለ ሌኛኖ ነው የገቡት፤ ፋሩቅ ገመዱ አልፈታ ብሎት። አባዬ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየዎት። ነጩን ጢም፣ ከዘራውን፣ ሁሉን አየ። “ሌኛኖ” አለ። ጥያቄ አልነበረም። ጮኾም አልነበረም፤ ከሱቅ ተመልሶ ለገባ ሰው እንደሚባለው፣ በዝግታ ነው ያለው። እርስዎ ከንፈሩን አይተው እንደገባዎት ከፊትዎ አወቅሁ። እኔና እናቴ መሃላችሁ ተቀምጠን ልናስተረጉም ተዘጋጅተን ነበር። ማንም አላስፈለገም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ካቴናውን ዘይት ስትቀቡ፣ ቸርኬውን ስታቃኑ ቆያችሁ። እርስዎ አንድ እጅ ሲያጥረው ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ብረቱ ሲንቋቋ ይሰማና ትከሻዎን ነክቶ ያሳይዎታል።

በማግሥቱ ብስክሌቱን መሃል አድርጋችሁ ወደ ገበያው ስትወጡ ከኋላችሁ ነበርኩ። እርስዎ መሪውን ይዘው፣ እሱ በግራ እጁ ኮርቻውን ተደግፎ። ከከዘራ የተሻለ ሲሄድ ገርሞኝ ነበር። ያኔ ሰው ከየቤቱ መውጣቱን አይተዋል። ያልሰሙት ምን እንደተባለ ነው።

ልብስ ሰፊው ኦቦ ሌታ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተነሥቶ በር ላይ ሲቆም አባዬ “ፊሊፕስ!” አለው። ኦቦ ሌታ “አቤት፣ ቶሌራ!” አለ። ትንሽ አለፍ ብለን ኦቦ ጂራ በልጁ ተደግፎ ወጣ። “ሂርኩለስ!” “አቤት!” ልጁ “አባቴን ምን አለው?” ብሎ ጠየቀኝ። አባትህ ድሮ ሂርኩለስ ነበር አልኩት። ከመስጊዱ የሚወጡት ቆሙ፣ ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጠፉ። አባዬ አንድም አልሳተም። አንዲት አሮጊት ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ወጡና “እኔንስ? የባሌን በለኝ!” አሉት። አያቸው። “ቢኤስኤ” አለ። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ነው፤ ያን ስም ከዚያ ወዲህ ማን ጠርቶት ያውቃል?

ይህንን ድምፅ ልጽፍልዎት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ! ወጣቶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ማንም አልሳቀም። በዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ከሥሩ ሌላ ከተማ እንዳለ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት በአባቴ አፍ ሲጠራ፣ አንድ በአንድ እየተነሣ አቤት ሲል ሰማሁት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አዎ፣ በትክክል ነው ያዩት። ወደ ወራቤ የሚመልስዎ አውቶቡስ ሲነሣ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። “ሌኛኖ” አልነበረም ያለው።

መስኮቱ ላይ ሆነው እጅዎን ሲያውለበልቡ አባዬ ክንዴን ያዘ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ “ቦሩ?” አለኝ። በእኛ ቋንቋ ነገ ማለት ነው፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ከወደቀ ወዲህ ብስክሌት ያልሆነ ቃል ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከጠፉት ቃላት ሁሉ መጀመሪያ የተመለሰው እሱ ነው ጋሼ። እናቴ ሰምታ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በር ላይ ወጥቶ ይጠይቀኛል። “ቦሩ?” እንዲህ ያለ ቃል ይዞ ለመጣ ሰው ውሸት እንዴት ይሰጡታል?

ጃለኔ


ወራቤ፣ መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ጃለኔ፣

ደብዳቤሽን ለዙልፋ ሰጥቼ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለእናቷ እንድታነብ አደረግሁ፤ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ተቀመጥሁ። አሮጊቷ ጋ ሲደርሱ አወቅሁ። የመጨረሻው ጋ ሲደርሱም አወቅሁ። ቀድሪያ ተነሥታ ድስቶቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

በእርግጥ አስቀድመን ተነጋግረንበት ነበር። እዚህ ዘመድ አለን፣ መሬት አለን፤ ሰላምታ የሚሰጠኝም ብዙ ነው። የእኔን ስም የሚያውቅ ግን አምቦ ነው ያለው። ፋሩቅ ከሱቁ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ቀለም አስቀብቶ ጨርሷል፤ ለእናንተ እንዳይነግር ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ማሰኘቱን ከእናንተ ተምሬ ነው። ሮመዳን ሳይገባ ቤታችንን እናደራጃለን። ቀድሪያ ከአመለሸጋ ቤት አጠገብ ካልሆነ አልገባም ብላ ነበር፤ በእግር ትንሽ ነው ብዬ አሳምኛታለሁ። እናትሽ ብስክሌት አልነዳሁም ያለችውንም ነግሬያታለሁ። “እኔም አልነዳሁም፣ ሁለታችን አብረን ስም አልባ እንሆናለን” ብላለች።

ይህን የሚያደርስልሽ ዕቃ ሊያስጭነን እዚህ የመጣው ፋሩቅ ነው፤ እሱ በሌሊቱ አውቶቡስ ይቀድመናል። እኛ ከዕቃው ጋር በጭነት መኪናው ከኋላው ነን። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አድረን በማግሥቱ አምቦ እንገባለን። አስቤበት ነው እንዲህ ያደረግሁት። ደብዳቤው እጅሽ በገባበት ቀን አባትሽ በር ላይ ወጥቶ ሲጠይቅሽ፣ የምትመልሺለት ውሸት አይሆንም።

ቦሩ በይው።

ደሊል